ዘረመሉን ፈርተን ማጣሪያውን ረሳን

ስለ አንድ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣት) «ዘረመሉ የተነካካ ባክቴሪያ ያመረተው ነው» ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ሹኩዎ ኪኖሺታና ባልደረቦቹ ግሉታሜት የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚያመነጭ ባክቴሪያ አገኙ። ኮሪኔባክቴሪየም ግሉታሚከም ይባላል። ስኳር ይሰጡታል፣ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ይነፍጉታል፤ እሱም ግሉታሜቱን ወደ ውጭ ይለቃል።

ላይሲን የተባለው ሌላው አሚኖ አሲድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ባክቴሪያ ቆጣቢ ነው። ለራሱ የሚበቃውን ከሠራ ወዲያ አይለፋም። ላይሲንና ትሪዮኒን (ይሄም አሚኖ አሲድ ነው) ሲጠራቀሙ፣ እነሱን ለመሥራት የሚያስፈልገውን አስፓርቶካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም ሥራ ያስቆሙታል። የባለሙያዎቹ ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ኢንዛይሙን ትንሽ ይቀይሩትና «በቃ» ሲባል ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። አንዳንዴ ለዚህ ዘረመሉ ላይ አንዲት ፊደል መለወጥ ይበቃል።

ደግሞ ይህን ለማድረግ የዘረመል ምህንድስና የግድ አልነበረም። ድሮ ባክቴሪያውን በጨረር ወይም በኬሚካል ይመቱትና ከተረፉት መካከል ላይሲን አብዝቶ የሚያመርተውን ይመርጡ ነበር። በጭፍን ሲደረግ ማንም አልጮኸም። ታስቦበት ሲደረግ ነው የተፈራው። ይሄ አይገባኝም።

ፍርሃቱ ከየት መጣ ቢባል ብዙዎች የ1989ኙን (እ.ኤ.አ.) አደጋ ይጠቅሳሉ። አሜሪካ ውስጥ ትሪፕቶፋን የተባለ አሚኖ አሲድ የወሰዱ ከ1,500 በላይ ሰዎች በከባድ የጡንቻ ሕመም ተያዙ፤ ከ30 በላይ ሞቱ። ትሪፕቶፋኑ የመጣው ሾዋ ዴንኮ ከተባለ የጃፓን ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ባክቴሪያውን በዘረመል ምህንድስና አሻሽሎ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን ቆሻሻ ለማጣራት የሚጠቀመውን የከሰል ዱቄትም ቀንሶ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ስለተቀየሩ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየለትም። ሰው ግን የሚያወራው ስለ ዘረመሉ ብቻ ነው። የከሰሉን ነገር የሚያነሳ ስንቱ ነው?

ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ባክቴሪያው የሚሠራበት ታንክ ውስጥ ተብላልቶ ከወጣው ሾርባ ምን ተለየ፣ ምንስ ቀረ የሚለው ነው። የእንስሳት መኖ ላይ የሚጨመረውን ላይሲን ውሰዱ። ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ የሚባለው በደንብ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ላይሲን ሰልፌት ግን ብዙ ጊዜ ከሞተው ባክቴሪያ ጋር አብሮ ደርቆ ይሸጣል። ሁለቱም «ላይሲን» ናቸው። ክርክራችን ግን ገና «ዘረመሉ ተነክቷል ወይስ አልተነካም?» ላይ እንደቆመ ነው።