ሞግዚት ስትቀር፣ ልጅ ሲታመም፦ ሠራተኛ ወላጅ በዕቅድ ይወጣዋልን?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «ሠራተኛ ወላጆች በልጅ አያያዝ የሚገጥሟቸውን ችግሮች አስቀድመው በማቀድ ሊወጧቸው ይችላሉ» የሚል ነው። ደጋፊዋ በአንድ የግል ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያና እናት ሲሆኑ፣ ተቃዋሚው የሠራተኞችን ጉዳይ የሚከታተሉ የሕግ ባለሙያና አባት ናቸው።

ደጋፊ፦

ወላጆችን በድንገት ከሥራ ገበታ የሚያስቀሩ ምክንያቶችን አንድ በአንድ ብንመለከት፣ አብዛኞቹ በየዓመቱ በታወቀ ጊዜ የሚመላለሱ ናቸው። ለፋሲካ ወይም ለመስቀል ቤተሰቧን ልትጠይቅ የሄደች ሞግዚት በቀጠሮዋ ሳትመለስ ትቀራለች፤ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ክረምቱ ሲገባ ሳልና ትኩሳት በሕፃናት ላይ ይፈራረቃል። ይህን ሁሉ በየጊዜው እንደ ዱብ ዕዳ የሚቀበል ቤተሰብ ችግሩን በራሱ ላይ ያከብደዋል ብዬ አምናለሁ።

ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ከእርግዝና ወራት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ የጤና ባለሙያዎች ስለሚመክሩ፣ እናት ወደ ሥራ በምትመለስበት ቀንና በዚህ ምክር መካከል ክፍተት መኖሩ ገና ሳትወልድ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ የዓመት ዕረፍቷን ሳትነካ አቆይታ ከወሊድ ፈቃዷ ጋር እንዲያያዝላት ከአለቃዋ ጋር አስቀድማ ትነጋገር፤ ወተቷን አልባ ማስቀመጥንም ከመመለሷ ሳምንታት በፊት ትለማመድ። የታለበ ወተት ከማቀዝቀዣ ውጭ የሚቆየው ለ4 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግም ይታሰብበት። ከሁሉ በላይ ሞግዚቷን በመጨረሻው ሳምንት በደላላ ከማግኘት ይልቅ ቀደም ብላ በተያዥ ቀጥራ፣ ልጇን እንዴት እንደምትይዝላት አብራት ውላ ብታይ ይበጃል። የክትባት ቀናት እንኳ፣ ለምሳሌ 6ኛው፣ 10ኛውና 14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም 9ኛው ወር፣ ልጁ በተወለደ ሰሞን በቀን መቁጠሪያ ላይ ሰፍረው አባትና እናት ሊከፋፈሏቸው ይችላሉ።

ተቃዋሚ፦

እህቴ የዘረዘሩት ጠቃሚ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ምክሩ የሚሠራው ማቀዝቀዣ፣ ሞግዚት የምታድርበት ክፍልና ቃሉን የሚያከብር አለቃ ላለው ቤተሰብ ነው። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በልብስ ስፌት የምትሠራ ወጣት ብዙውን ጊዜ ከወላጆቿ ርቃ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ትኖራለች፤ ደመወዟም ከቤት ኪራይና ከምግብ የሚተርፍ አይደለም። በአዲስ አበባም ከመሀል ከተማ ተነሥተው ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገቡ ቤተሰቦች «ልጄን እስክመለስ እዪልኝ» ሲሏት እሺ የምትል የድሮ ጎረቤታቸውን አጥተዋል፤ ማለዳ ወጥተው ሲመሽ ስለሚገቡ አዲስ ጎረቤት የሚያፈሩበት ጊዜም የላቸውም።

ሕጉንም እንመልከት። ሠራተኛው ራሱ ሲታመም አዋጁ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። ልጁ ሲታመም ግን፣ ከዓመት ዕረፍቱ ውጭ ሊጠይቅ የሚችለው ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም የሚፈቀደውን፣ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ የማይበልጠውንና እስከ 5 ተከታታይ ቀን የሚደርሰውን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ነው። አባት ልጅ ሲወለድለት የሚያገኘው 3 ቀን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ሕፃናት የሚውሉበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ የግል ድርጅቶችን የሚመለከተው አዋጅ 1156 ይህን ግዴታ አልጣለም።

አብልጦ የሚያሳስበኝ የዕቅዱ ሁሉ ምሰሶ የሆነችው ሞግዚት ናት። አዋጁ የቤት ውስጥ የግል አገልግሎት ቅጥርን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ትቶ ከራሱ ጥበቃ ውጭ ስላደረገው፣ የሥራ ሰዓቷም፣ የዕረፍት ቀኗም፣ ስትወልድ የምታገኘው ፈቃድም በአሠሪዋ በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ብዙ ጊዜ ራሷ ገና ልጅ ናት፤ አለዚያም የራሷን ልጅ ገጠር ለእናቷ ትታ የመጣች ናት። ለበዓል ሄዳ ስትቀር «ከዳችን» ብለን እናማርራለን፤ እንድትመለስ የሚያደርጋት ምን እንዳዘጋጀንላት ግን አንጠይቅም።

ደጋፊ፦

በመጨረሻው ነጥብ ወንድሜ ለእኔው ወገን መሰከሩልኝ። ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ሁለት ሰዎች የሚጽፉት ስምምነት የዕቅዱ ዋና ክፍል ነው። ደመወዟን፣ የሳምንት ዕረፍቷን፣ የማታ ትምህርት የምትሄድበትን ሰዓትና አገሯ ደርሳ የምትመለስበትን ቀን በጽሑፍ ያሰፈረ፣ መሳፈሪያዋንና የበዓል ቀናቷን የሚከፍል ቤተሰብ ሞግዚቷ የመመለሷን ዕድል ከፍ ያደርጋል፤ ለነዚያ ቀናትም ተመላላሽ ሠራተኛ ወይም ዘመድ አስቀድሞ ያዘጋጃል። በሥራዬም የማየው ተመሳሳይ ነው። «ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለአንድ ሳምንት ግማሽ ቀን ልሥራ» ብሎ ከወር በፊት በጽሑፍ የጠየቀ ሠራተኛ፣ ማለዳ ደውሎ «ዛሬ አልመጣም» ካለው ይልቅ ይፈቀድለታል፤ አለቃው ተተኪ የሚመድብበት ጊዜ አለውና።

ተቃዋሚ፦

ያን ወረቀት የሚጽፈው ማን ነው? ልጅ ሲያተኩሰው ትምህርት ቤቱ የሚደውለው ለእናት ነው፤ የደላላውን ቁጥር የያዘችው፣ ተጠባባቂ የምታፈላልገው እሷ ናት። ስለዚህ «ወላጅ ያቅድ» የሚለው ምክር በተግባር በአንድ ሰው ላይ ሌላ ሥራ ይጨምራል። የአለቃ ፈቃድም ዛሬ ተሰጥቶ ነገ ሊነሣ ይችላል። እኔ የምለው ወላጆች ይህንኑ ዕቅድ ወደ ሠራተኛ ማኅበራቸው ያምጡትና ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር በሚፈራረመው የኅብረት ስምምነት ውስጥ ይግባ፦ ለታመመ ልጅ የሚሆን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ፣ ለአባት ከ3 ቀን የበለጠ ጊዜ፣ በአንድ ፓርክ ያሉ ፋብሪካዎች ወጪውን ተጋርተው የሚያቋቁሙት ማቆያ። ከአዋጁ የተሻለ ጥቅም በስምምነት መስጠትን ሕጉ አይከለክልም።

ደጋፊ፦

አባትን በተመለከተ የተናገሩትን ሳልቀንስ እቀበላለሁ፤ የሁለቱም ወላጆች ድርሻ ያልተለየበትን ነገር እኔም ዕቅድ አልለውም። የኅብረት ስምምነቱንም እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ ድርድሩ እስኪያልቅ ያች የሐዋሳ እናት ልጇን ለማን ትስጠው? በተለያየ ፈረቃ የሚሠሩ እናቶች ተስማምተው አንዷ ስትሠራ ሌላዋ ልጆቹን ብትይዝ፣ ለምግባቸውም በየወሩ ቢያዋጡ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ሊያወጣው የሚችል ዕቅድ ይህ ነው።

ተቃዋሚ፦

ይህን አልቀበልም። ሌሊቱን በማሽን ላይ ያደረች ሴት ቀን የሌላ ሰው ሕፃን ከያዘች መቼ ልትተኛ ነው? እንቅልፍ ካሸነፋት ሴት ዘንድ ያለ ሕፃንስ ምን ያህል ተጠብቋል ይባላል? አዋጁ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ከልክሏል፤ ልጁ ሲወለድ ግን ይህ ጥበቃ ያበቃል። ስለዚህ የሚያጠቡ እናቶች ከሌሊት ፈረቃ ነፃ እንዲሆኑ በኅብረት ስምምነት ድርድሮች ላይ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። እርስዎ በጠረጴዛው በአሠሪው በኩል የሚቀመጡ ባለሙያ ነዎትና፣ ጥያቄው ሲቀርብ ምን ብለው እንደሚመልሱ ከወዲሁ ቢያስቡበት እወዳለሁ።