ቆዳ ላይ የወጣ የፕሮስቴት ካንሰር «የቆዳ ካንሰር» አይደለም

«የፕሮስቴት (በወንዶች ከፊኛ በታች ያለ ዕጢ) ካንሰር ወደ አጥንት እንጂ ወደ ቆዳ አይሄድም፤ እብጠት ከወጣ ሌላ የቆዳ ካንሰር ነው» የሚል አስተያየት እዚህ ሲደጋገም አየሁ። ግማሹ እውነት ነው። በብዛት የሚዛመተው ወደ አጥንትና ወደ ሊምፍ ዕጢዎች ነው። ወደ ቆዳ መድረሱ ግን ብርቅ ቢሆንም አለ። አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ሆድ፣ በብሽሽት ወይም በጭን አካባቢ ጠንከር ያለ እብጠት ሆኖ ይታያል። ብጉንጅ ቢመስለን አይፈረድብንም።

ሴሎቹ ግን የፕሮስቴት ናቸው። ስለዚህ ሕክምናውም የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ነው፤ ለምሳሌ የሆርሞን ሕክምና ወይም ኬሞ (የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት)። እብጠቱን ቆርጦ ማውጣት ብቻውን በሽታውን አያቆምም።

በዓይን አይለይም። ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ (ሴሎቹን በማይክሮስኮፕ በማየት) መመርመር አለበት፤ የፕሮስቴት ሴል መሆኑን የሚለዩ ልዩ ማቅለሚያዎች አሉ። ታማሚው ቀድሞ ፕሮስቴት ታክሞ ከነበረ ለሐኪሙ ይንገር። ካልተነገረ ያ ምርመራ ላይታዘዝ ይችላል።