ሰንጢ የሚሰበስብ ሰው ምን ይሰበስባል?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ደሴ ውስጥ በጎረቤት ቤት ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ፣ በጣም የማከብራቸው አንዲት እናት ሰንጢ እንደምሰበስብ ከልጃቸው ሰምተው ኖሮ፣ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «አንተዬ፣ ያን ሁሉ ስለት ማንን ልትወጋበት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የቀልድ አልነበረም፤ ቤቱም ለአፍታ ጸጥ አለ። እኔም «እማማ፣ ለጌጥ ነው» ከማለት ሌላ የሚረባ መልስ አልሰጠሁም። ያ መልስ ስሕተት ነበር፤ ሰንጢን ለጌጥ ብሎ የሚሰበስብ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ለእርሳቸውም፣ እንደ እርሳቸው ለሚያስቡ ብዙዎችም፣ ያን ዕለት መመለስ የነበረብኝን እዚህ እጽፋለሁ።

ጥርጣሬያቸው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሰንጢ የሚለው ቃል በከተማ ሰው ጆሮ ከጨለማ መንገድ፣ ከዘራፊና ከመጠጥ ቤት ጠብ ጋር ተቆራኝቷል። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ፈታሾች አስቀድመው የሚጠይቁት ስለት መያዝ አለመያዛችንን ነው፤ ትክክልም ናቸው። ነገር ግን ያው ስለት በቤታችን ውስጥ ሌላም ታሪክ አለው። አራስ ብቻዋን ስትቀር ብረት ከራስጌዋ የሚቀመጥላት ከክፉ እንዲጠብቃት ታስቦ ነው። ሸንኮራ አገዳ የሚልጠው፣ የበለሱን እሾሃማ ቆዳ ገፍፎ ፍሬውን ለሕፃን የሚያቀርበው፣ የተማሪ እርሳስ የሚቀርጸው፣ የጆንያ አፍ የሚከፍተው ይኸው ሰንጢ ነው። ሺህ ጊዜ ብርቱካን የላጠ ሰንጢ አንድ ቀን ሰው ቢያቆስል፣ ስሙ የሚነሣው በዚያች በአንዷ ቀን ብቻ ነው።

እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ የአባቴ ሰንጢ ነው። አባቴ በደሴና በአሰብ መካከል የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አሰብ የአገራችን ዕቃ ዋና በር በነበረበት ዘመን ማለቴ ነው። በዚያ መንገድ ጨርቁም፣ ሬዲዮውም፣ የእጅ ሰዓቱም በሹፌርና በረዳት እጅ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ ይወጣ ነበር፤ ሰንጢውም እንዲሁ። የእርሱ ሰንጢ ሲታጠፍ ከመዳፍ አይተርፍም። እጀታው ጥቁር ቀንድ ሲሆን፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ከሌላው ይልቅ ለስልሶ ይታያል። ስለቱ በብዙ ዓመት ሞረድ ተበልቶ እንደ ወይራ ቅጠል ቀጥኗል። የሸራ ገመድ ይቆርጥበት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይልጥበት ነበር። ቤት ሲገባ ደግሞ ከእራት በኋላ ብርቱካን ልጦ ለሁላችን ያድልና፣ ስለቱን በሱሪው ጉልበት ላይ ጠርጎ ሲያጥፈው «ቀጭ» የምትል ድምፅ ታሰማለች። ያቺ ድምፅ ለእኔ የአባቴ ቤት መግባት ማለት ነበረች።

እርሱ ካረፈ በኋላ ሰንጢውን በአጉሊ መነጽር ሳየው፣ ስለቱ ወደ እጀታው በሚገባበት ሥር ላይ ሊጠፉ የደረሱ ፊደላት አገኘሁ። «ሶሊንገን» ይላሉ። ስብስቤ የተጀመረው በዚያች ቃል ነው። ሶሊንገን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በሰይፍና በቢላዋ ሥራ የታወቀች የጀርመን ከተማ ስትሆን፣ ስሟ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በዚያ ያልተሠራ ስለት ስሟን መሸከም አይፈቀድለትም። የአንድ ከተማ ሰዎች የእጅ ሥራ በሕግ እስከ መጠበቅ የተከበረበት ስም በደሴ ሹፌር ኪስ ውስጥ ለዓመታት ሳይነበብ መቆየቱ ለቀናት እንቅልፍ ነሣኝ። ከዚያ በኋላ አንዱ ሰንጢ ወደ ሌላው ይመራኝ ጀመር። ካርል ኤልሰነር የተባለው ስዊሳዊ እ.ኤ.አ. በ1891 ለአገሩ ሠራዊት ሰንጢ ማቅረብ እንደ ጀመረ፣ በ1897 ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀውን የመኮንኖች ሰንጢ የባለቤትነት መብት እንዳስመዘገበ፣ ቪክቶሪኖክስ የሚለውም ስም ከእናቱ ከቪክቶሪያ ስምና የማይዝግ ብረት ከሚጠራበት የፈረንሳይኛ ቃል የተገጣጠመ መሆኑን የተማርሁት ቀይ እጀታ ያለው አንድ አሮጌ ሰንጢ እጄ ስለ ገባ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ኦፒኔል የተባለውን የፈረንሳይ ሰንጢ ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል በሳቮዋ ተራሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ1890 ሲሠራው ያሰበው ለገበሬና ለእረኛ ነበር። አንድ ስለት፣ አንድ የእንጨት እጀታ፣ አንድ ምስማር አለው፤ በ1955 ደግሞ ስለቱ በሥራ ላይ ሳለ ጣት ላይ እንዳይታጠፍ የሚቆልፍ ተሽከርካሪ ቀለበት ተጨመረለት። ሌላ ነገር የለውም፤ ሌላ ነገርም አያስፈልገውም። አሥራ አምስት መሣሪያ ከታጨቀበት ሰንጢ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል፤ የሠራው ሰው ምን መተው እንዳለበት የሚያውቅ ነበርና።

ሰው ለምን ይሰበስባል የሚለውን ጥያቄ የሥነ ልቦና ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሲያነሡት ኖረዋል። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 የሰው ማንነት በአካሉና በአሳቡ ብቻ እንደማይወሰን፣ «የእኔ» ብሎ የሚጠራውን ሁሉ፣ ልብሱን፣ ቤቱንና የእጁን ሥራ ጭምር እንደሚያጠቃልል ጽፏል። ራስል ቤልክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ይህንኑ አሳብ አስፍቶ፣ ንብረታችን የእኛነታችን ቅጥያ እንደሆነና በመዘረፍ ያጡት ዕቃ ከራስ አካል እንደ ተቆረጠ ሊሰማ እንደሚችል አስረድቷል። እኔ ይህን ከማንበቤ በፊት ኖሬዋለሁ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰቤን ይዤ ስወጣ፣ ከስብስቡ ኪሴ የከተትሁት የአባቴን ሰንጢ ብቻ ነበር። ስመለስ ሰንጢዎቹን የማስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ወለል ላይ ተገልብጦ አገኘሁት፤ ከ31 ሰንጢዎች 12ቱ አልነበሩም። ሰው ልጁን ባጣበት ከተማ ስለ ሰንጢ ማዘን ነውር መስሎኝ ለማንም አልነገርሁም። ነገር ግን ማታ ማታ የጠፉትን አንድ በአንድ በአሳቤ እከፍታቸው ነበር፤ የአንዱ ሞላ ጠንካራ እንደ ነበረ፣ የሌላው ስለት ጫፉ ላይ ትንሽ መሸረፉን፣ እያንዳንዱን ከማን እንደ ገዛሁት። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ የሰበሰብሁት ብረት ሳይሆን ከሰውና ከቀን ጋር የተያያዘ ትዝታ እንደ ነበረ ነው።

ደስታው ከመግዛቱ አስቀድሞ ይጀምራል። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለው የነርቭ ተመራማሪ በዝንጀሮዎች ላይ ባካሄደው ጥናት፣ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ሕዋሳት እንስሳው ምልክቱን ከለመደ በኋላ የሚነቁት ሽልማቱ ሲመጣ ሳይሆን ሽልማት እንደሚመጣ የሚናገረው ምልክት ሲታይ መሆኑን አሳይቷል። ሰኞ ጧት የጦሳ ተራራ ጉም ሳይገለጥ ወደ ሰኞ ገበያ ስወርድ የሚሰማኝን ይህ በሚገባ ይገልጸዋል። ዐሥር ሰኞ ሄጄ በዘጠኙ ባዶ እጄን እመለሳለሁ፤ ዘጠኙም አይቆጩኝም።

ይህ ደስታ ወደ በሽታ የሚያዘነብልበት ጫፍ የለውም አልልም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ዕቃ የማከማቸት ሕመምን ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል። ልዩነቱ በብዛት አይደለም። አከማቺው መጣል ስለሚያስጨንቀው ያስቀምጣል፤ ያስቀመጠውንም አያየውም፣ ቤቱም መኖሪያ መሆኑ ይቀራል። ሰብሳቢ ግን ይመርጣል፣ ይለያል፣ ይንከባከባል፣ አንዳንዴም ይሰጣል። ከቤት ወጪ ቀንሶ ሰንጢ የገዛ ሰው ግን ከዚህ መሥመር አልፏልና ሊቆም ይገባዋል።

የመንከባከቡን ነገር ትንሽ ልዘርዝረው፤ ለእኔ የሥራው ልብ እርሱ ነውና። የድሮው ስለት ካርቦን የበዛበት ብረት ስለሆነ ቶሎ ይሳላል፣ ቶሎም ይዝጋል፤ የማይዝገው ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ ያህል ክሮሚየም የተቀላቀለበት ነው። በደሴ ብርድና ጉም የካርቦን ስለት ለአንድ ክረምት ካልታየ ጠቃጠቆ ያወጣል፤ ስለዚህ ከሁለት ወር በላይ ሳይከፈት የሚቀር ሰንጢ የለኝም፤ እያንዳንዱን በልብስ ስፌት መኪና ዘይት አብሳለሁ። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ሰንጢን በቆዳ አፎት ውስጥ ማቆየት አይመከርም። ስስል ድንጋዩን ውኃ አጠጥቼ ስለቱን በሃያ ዲግሪ ገደማ አዘነብላለሁ፤ ያንን ማዘንበል ሳልለውጥ፣ ሳልቸኩል፣ በሌላው ገጽ ላይ በጣት የምትዳሰስ ቀጭን የብረት ክር እስክትወጣ ድረስ እገፋለሁ። ከዚያ አገላብጣለሁ፣ በመጨረሻም በቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየጎተትሁ ክሯን አጠፋለሁ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስለ ኑሮ ውድነት ማሰብ አይቻልም፤ አሳብ የሸሸ እንደሆነ እጅ ያዘነብላል፣ ድንጋዩም ወዲያው በድምፁ ይናገራል። በደነዘ ስለት የሚሠራ ሰው ኃይል ስለሚጨምር የሚቆረጠውም ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው።

በሰብሳቢዎች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ እኔም ለዓመታት የሠራሁት ጥፋት ነው። የውጭ አገር ማኅተም ያለበትን ስንሻማ የአገራችን ባለ እጅ የቀጠቀጠውን እናልፋለን። እርሱ ከተጣለ መኪና ላይ የተወሰደውን ባሌስትራ በወናፍ አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ በውኃ ወይም በዘይት ነክሮ፣ እንዳይሰበርም ዳግም በልኩ አሙቆ የሚያወጣው ቢላዋ ብረቱ ደካማ አይደለም፤ ባሌስትራ ብዙ ጊዜ ከመቶ 0.6 እጅ ያህል ካርቦን ያለው ጥሩ አረብ ብረት ነው። የጎደለው ስም ነው። ሶሊንገን ስሟን በሕግ ስታስጠብቅ፣ በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ እየተባለ ይሸሽ ነበርና በሥራው ላይ ማኅተም የሚመታበት ምክንያት አልነበረውም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር፤ ስድቡ ግን ዐዋጁን አልፎ ኖረ። የዚህ ውጤት እስከ ዛሬ በየጓዳችን አለ፤ ማን እንደ ሠራው የማይታወቅ መልካም ቢላዋ ሞልቶ፣ እጀታው ሲላቀቅ ለቁራሌው ይሰጣል። እኔ አሁን የአገር ቤቱን ስገዛ፣ የት እንደ ተሠራና የቀጥቃጩን ስም ሻጩ የሚያስታውሰውን ያህል ጽፌ ከእጀታው ጋር አስራለሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ወርዶ በሰኞ የባቲን ገበያ ያየ ሰው፣ አፋሮች በወገባቸው የሚታጠቁትን ቆልማማ ጊሌ አይቶ ይሆናል፤ እርሱ የሚታጠቁት ጩቤ ስለሆነ ከስብስቤ ውጭ ነው፣ ነገር ግን አንድ ሕዝብ ስለቱን ከነክብሩ እንዴት እንደሚይዝ ያሳያል።

የእጅ ባለሙያ አልጠፋም። ባለፈው ዓመት የጀርባ ሞላው የተሰበረ ሰንጢ ይዤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት ገባሁ። ወጣቱ ባለሙያ ከአሮጌ የመጋዝ ምላጭ አዲስ ሞላ ቆርጦ፣ በሊማ እየቀነሰ እየገጠመ፣ ሁለት ጊዜ ላላበት፣ በሦስተኛው «ቀጭ» አለ። ያን ሲሰማ ፊቱ ላይ የታየው ብርሃን እኔ ሰኞ ጧት የሚሰማኝ ነበር። የከፈልሁት ዋጋ ትንሽ ስለሆነብኝ ልጨምር ብል እምቢ አለና፣ በምትኩ ሌሎቹን አምጥቼ እንዳሳየው ጠየቀኝ።

ሰንጢ ሰብሳቢ ስብስቡን ይዞ አይዞርም፤ ሕፃን በማይደርስበት ቦታ ይቆልፋል፣ ለሰውም ሲያቀብል እጀታውን ያስቀድማል። ለእማማም ይህን ማስረዳት ነበረብኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሰኞ ገበያ ላይ አንድ አዛውንት ጆንያ አንጥፈው፣ በአሮጌ ቁልፎችና በፋኖስ ብርጭቆ መካከል የአጥንት እጀታ ያለው ሰንጢ አስቀምጠው ነበር። 800 ብር አሉኝ። እኔ 400 አልሁ። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የአረፋ በግ የገፈፍሁበት ነው» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔትሽና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሙከራ፣ ስኒ የተሰጣቸው ተማሪዎች ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ፣ ያልተሰጣቸው ለመግዛት ካሰቡት ሁለት እጥፍ ገደማ ነበር፤ ስኒውን ግን ገና በዚያው ዕለት ነው ያገኙት። ሠላሳ ዓመት የያዙ ሰው ሁለት እጥፍ ቢሉ ስስት እንዳልሆነ ገባኝና በ700 ተስማማን።

ከዚያ ወዲህ በየሰኞው ሲያዩኝ «ደኅና ነው?» ይሉኛል፤ የሚጠይቁት ስለ ሰንጢው ነው። አንድ ሰኞ ጠቅልዬ ወሰድሁላቸው። ከፈቱት፣ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ሞከሩ፣ አሸተቱትና «ዘይት ቀብተኸዋል» አሉ። ከጎናቸው ከተቀመጠችው ነጋዴ ብርቱካን ተቀብለው ልጣጩን ሳይቆርጡ በአንድ ክር አወረዱት፤ ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። ስለቱን በሽርጣቸው ጫፍ ጠርገው አጠፉት፣ ጥቂት መዳፋቸው ውስጥ አቆዩትና መልሰው ሰጡኝ።