ከልቦለድ የወጣው መስቀል

"ነገም ሌላ ቀን ነው"ን፣ የማርጋሬት ሚቸልን "Gone with the Wind" የአማርኛ ትርጉም፣ ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚያወራልህ ስለ ታሪኩ ሳይሆን ስለ ተርጓሚው ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ማእከላዊ ታስሮ፣ ወረቀት ሲያጣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው የተረጎመው፣ ይሄን ከሰማህ በኋላ መጽሐፉን በክፉ አይን ማየት ይከብዳል። እኔም ዋናዋ ገጸ ባህሪ ስካርሌት ስትወድቅ እየወደቅኩ ስትነሳ እየተነሳሁ ነው የጨረስኩት።

አሜሪካ ውስጥ ግን መጽሐፉ ሌላ ስራ ሰርቷል። ደራሲዋ ሚቸል የአትላንታ ልጅ ናት፣ ያደገችው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተሸነፉትን የደቡብ ወታደሮች ወሬ እየሰማችና የቶማስ ዲክሰንን ልቦለዶች እያነበበች ነው። ዲክሰን ማነው ካላችሁ፣ በፈረንጆቹ 1905 ኩ ክለክስ ክላንን፣ ጥቁሮችን የሚያሸብረውን የነጮች ቡድን፣ ጀግና አድርጎ የጻፈ ሰውዬ ነው። ልቦለዱ በ1915 ፊልም ሆነ፣ በዛው አመት መጨረሻ ላይ ሞቶ የነበረው ክላን አትላንታ አጠገብ ስቶን ማውንቴን ተራራ ላይ መስቀል አቃጥሎ እንደገና ተመሰረተ። እዚህ ጋ ቆም በሉማ፣ የድሮው ክላን እኮ መስቀል አያቃጥልም ነበር! ነገርዬውን ያመጣው ዲክሰን ነው፣ በልቦለዱ። ሰዎቹ ያባቶቻችን ወግ ነው ብለው የለኮሱት ከደራሲ ጭንቅላት የወጣ እሳት ነው፣ ስንቱ ጥቁር ቤተሰብ ደጁ ላይ እሱን እያየ ሲንቀጠቀጥ አደረ።

እና "ልቦለድ ነው ባክህ፣ ምን ታካብዳለህ" የሚለኝ ጓደኛዬ ይሄን ነው የማይገባው። የሚቸል መጽሐፍ በ1936 ወጥቶ በስድስት ወር ሚሊዮን ኮፒ ተሸጠ፣ ጌቶቹን የሚወድ ባሪያና ሴት ጠባቂ ክላን ያለበት መጽሐፍ ማለት ነው፣ ስንቱ አንባቢ ስለ ባርነት የሚያውቀው ከዛ ብቻ እንደሆነ አስቡት። በ1939 ፊልሙ የክላንን ስም አወጣው፣ ውቡን ደቡብ ግን አልነካውም። ፊልሙ አትላንታ ሲመረቅ የቤቱን ባሪያ ማሚን የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል ጥቁር ስለሆነች መገኘት አልቻለችም፣ ከወራት በኋላ በዛው ስራዋ ኦስካር ወሰደች፣ ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ።

መጽሐፉ ይቅር አልልም፣ የነቢይን ልፋት ማን ይጥላል። የአማርኛው እንደገና ሲታተም ግን ይሄን ታሪክ የሚነግር ሁለት ገጽ መግቢያ ቢገባበት ደስ ይለኛል። ማሚ ማለት እኮ ሞግዚት ማለት ነው፣ እንግሊዝኛው ከሺህ ገጽ በላይ ሆኖ ሴትዮዋ ሌላ ስም የላትም።