የዝናብ ልብስ የለበሰ ጀግና፦ በ«አንብሬከብል» ላይ ክርክር

የዳይሬክተር ኤም. ናይት ሺያማላን ፊልም «አንብሬከብል» («የማይሰበር») ለእይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ነው። አንዱ ተከራካሪ ያኔ አይቶታል፤ ሌላው ገና ባለፈው ክረምት። መጨረሻው ስለሚነገር ያላየ ይጠንቀቅ።

ዘግይቶ ያየው፦ እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ሌሊት «ብሩስ ዊሊስ ካለበት ተኩስ አይጠፋም» ብዬ ከፈትኩት። የጠበቅሁት ተኩስ አልመጣም። ባቡር ውስጥ ካሜራው በሁለት ወንበሮች ክፍተት አጮልቆ፣ ከፊት የተቀመጠች ሕፃን እንደምታየው ያህል፣ አንድ ትዳሩ የቀዘቀዘበት ሰው የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሴት ሲያጫውት ያሳየናል። ቀጥሎ ሆስፒታል ነን። ግጭቱን አላየንም። ሐኪሙ ከኋላ ሆኖ ዴቪድ ደን የተባለውን፣ ዊሊስ የሚሠራውን ይህን ሰው እንዴት ጭረት እንኳ እንዳልነካው እየተገረመ ይጠይቀዋል፤ ከፊት ለፊታችን ደግሞ የሌላው ተሳፋሪ ደም በፋሻው ላይ ቀስ እያለ ይሰፋል። ማንም አይጮህም። 131 ሰው ያለቀበትን አደጋ በአንድ ፋሻ ነገረን። እንዲህ ያለ ፊልም እንዴት ተረሳ?

በጊዜው ያየው፦ ወንድሜ፣ ደስታህን ላደፈርስብህ አልፈልግም፤ «ተረሳ» የምትለውን ቃል ግን ተዋት። ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ 248 ሚሊዮን ገደማ ያስገባ ፊልም ነው። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2016 «ስፕሊት»፣ በ2019 «ግላስ» ተከትለውታል። እኛ ካሴቱን ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ተከራይተን ሦስት ሆነን አየነው። አንዱ ጓደኛዬ ገና መሐሉ ላይ ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰደው፤ ያልተኛነው መጨረሻው ላይ ተናደድን። ሰው ሲነካ የሠራውን ክፋት የሚያየው ዴቪድ፣ «አንተ ጀግና ነህ» እያለ የሚከተለውን የኤላይጃን እጅ ጨብጦ ባቡሩን የገለበጠው ኤላይጃ መሆኑን ያውቃል። አሁን ገና ተጀመረ ስትል ጽሑፍ ይመጣል፦ ለሕግ ጠቁሞበታል፣ ሰውየውም የአእምሮ ሕሙማን ወንጀለኞች የሚያዙበት ተቋም ገብቷል። ሞሰቡን ከፍቶ መልሶ መክደን ማለት ይሄ ነው።

ዘግይቶ ያየው፦ ጋሼ፣ ስለዚያች ጽሑፍ አልሟገትዎትም፤ እኔም አልወደድኳትም። ግን ያስቀየማችሁ ማስታወቂያው ጭምር ይመስለኛል። አሠሪዎቹ የኮሚክ መጽሐፍ (በሥዕል የሚተረክ የጀግና ታሪክ) ነገር መሆኑን ደብቀው፣ እንደ ዳይሬክተሩ የቀድሞ የመናፍስት ፊልም እንደ «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» ያለ አስፈሪ ምስጢር አስመስለው ነው የሸጡት። መንፈስ ስትጠብቁ የስታዲየም ጥበቃ የሆነው ዴቪድ መጣባችሁ። የመጀመሪያው የሱፐርሂሮ ፊልም «ኤክስ-ሜን» ከወጣ ገና ወራት ቢሆነው ነው፤ ሰዉ ሱፐርሂሮ ገና አልጠገበም። እኔ ስንት ከተማ ሲፈርስ አይቼ ጠግቤ ነው የመጣሁት። ለዚህ ነው የወጥ ቤቱ ትዕይንት ያፈዘዘኝ። ልጁ ጆሴፍ አባቱ የማይሞት መሆኑን ሊያረጋግጥ ሽጉጥ ደግኖበታል። አባት ምን ይበል? ልጁን ያበረደው በጉልበት አይደለም፤ ከተኮስክ ጥያችሁ ኒውዮርክ እሄዳለሁ ብሎ፣ እንደማንኛውም ጭንቅ የያዘው አባት፣ በቁጣና በልመና መሐል ሆኖ ነው።

በጊዜው ያየው፦ የወጥ ቤቱን እሰጥሃለሁ። የቀረውን ግን አልሰጥህም። ዝም ያለ ሁሉ አዋቂ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ለምን ያንሾካሹካል? ዳይሬክተሩ ራሱ እንደተናገረው የሦስት ክፍል ታሪክ አስቦ የመጀመሪያውን ብቻ ነው ወስዶ የሠራው፤ መጎተቱ ይታወቃል። ደግሞ ይሄ ሁላችሁም የምታልፉት ነገር አለ፦ ስለ ትዳር ነው የምትሉት ፊልም ሚስቲቱን አያውቃትም። ሮቢን ራይት የምትሠራት ኦድሪ ትጠብቃለች፣ ትታረቃለች፣ በቃ። ለእኔ በሕይወት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኤላይጃን የሚሠራው ሳሙኤል ኤል. ጃክሰን። ፊልሙ የኤላይጃ ነው።

ዘግይቶ ያየው፦ በዚህስ ከእርስዎ ጋር ነኝ። እጅና እግሩ ተሰብሮ የተወለደ፣ አጥንቱ እንደ ብርጭቆ የሆነ ልጅ። ከቤት አልወጣም ሲል እናቱ በስጦታ የተጠቀለለ ኮሚክ ከመንገዱ ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ታስቀምጥለታለች፤ ከፈለገ ወጥቶ ያምጣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው ዓለምን በኮሚክ ማንበብ የጀመረው፦ እኔ እንዲህ ከተሰበርኩ፣ የማይሰበር አንድ ሰው የግድ መኖር አለበት። ክፋቱም ብቸኝነቱም አንድ ላይ የበቀሉት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

የኦድሪን ነገር ግን አላሰብኩትም ነበር። አሁን ሲሉኝ የቁርሱ ትዕይንት ትዝ አለኝ። ዴቪድ ሌሊት የዝናብ ልብሱን ለብሶ የታሰሩ ልጆችን አድኗል። ጠዋት ምንም ሳይናገር ጋዜጣውን ወደ ጆሴፍ ይገፋል። ፊቱ በቆብ የተሸፈነ ሰው ተስሎበታል። ልጁ ስዕሉን ያያል፣ አባቱን ያያል፣ ዕንባው ይሞላል፤ አባቱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። አንድ ቃል የለም። እርስዎ ይህንንም መጎተት ይሉታል? ወይስ ያኔ እንደ ጓደኛዎ ተኝተው ነበር?

በጊዜው ያየው፦ እሱ ነው የተኛው። እኔ ነቅቼ ነበር። የልጁን ዕንባ እስካሁን አስታውሳለሁ። ምድጃው ላይ ቁርስ እየሠራች ምንም ያልተነገራትን የእናቱንም ጀርባ።