እርማት፦ ስለ ኮሪደር ፕላንና ስለ ነዋሪው

አቦ፣ «የኮሪደር ፕላን (ዋና መንገድንና ዳር ዳሩን የማልማት ዕቅድ) የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ነዋሪው የሚጠራው ካለቀ በኋላ እንዲያውቀው ነው» ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ልክ አይደለም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የሕዝብ ተሳትፎን፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን ከመሠረታዊ መርሆዎቹ ውስጥ አስገብቷል። (አሠራሩ ሌላ ነው ትለኝ ይሆናል፤ እሱ ሌላ ክርክር ነው።)

ድሬዳዋን ራሷን ተመልከት። ከዚራ ከባቡሩ ጋር በፕላን የተሠራ ሰፈር ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ግን ሱቁን ከፊት፣ ጓዳውን ከኋላ አድርጎ፣ ቅይጥ አገልግሎት የሚባለው ነገር ሳይሰማ ሲኖርበት ኖሯል። ቀትር ላይ ሱቁ ተዘግቶ አመሻሽ ላይ ገበያው ሲደራ ጥላ የት እንደሚያስፈልግ፣ ባጃጅ የት እንደሚቆም፣ ቀፊራ ገበያ መሬት ላይ ዘርግታ የምትሸጠው እናት የት እንደምትቀመጥ ካርታ ላይ አይታይም። ደቻቱም ቢሆን በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ግን ጎርፉ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ውሃው የትኛው በር ድረስ እንደገባ የሚያውቀው እዚያው የነበረ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ መጠየቅ ያለበት የኮሪደሩ መስመር ሳይሰመር ነው። የካሳና የምትክ ቦታ ጥያቄም ያኔ ቢነሳ ይቀላል።