አቧራ በብልቃጥ

አቧራ በነጻ የሚገኝ ነገር የሚመስለው ሰው ትልልቅ የታንክ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎችን አያውቅም ማለት ነው። እነሱ ዘንድ አቧራ በ35 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ይሸጣል። ያውም ቡና ይርጋጨፌ፣ ሐረር፣ ሲዳማ እየተባለ እንደሚለየው ሁሉ፣ የሩሲያ አፈር፣ የቬትናም አፈር፣ የሰሜን አፍሪካ አቧራ ተብሎ ተለይቶ። የበረሃ ታንክ ላይ የአውሮፓ አቧራ የነሰነሰ ሰው ጓደኞቹ ፊት ቀና ብሎ አይሄድም።

እንግሊዝ አገር የጎን ጎረቤቴ የሆነ ጡረተኛ በዚህ ፍቅር የተለከፈ ነው። እውነተኛው ቲ-55 ታንክ 36 ቶን ይመዝናል፤ ከነመድፉ 9 ሜትር ይሆናል። የጎረቤቴ ደግሞ 1 ለ 16፣ ማለትም ከእውነተኛው 16 ጊዜ ያጠረ ስለሆነ 56 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ባለቤቱ ሳህኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትበላለች። ስታማርር ሰምቻት አላውቅም፤ ከቲነሩ ሽታ የተነሳ መስኮት ስትከፍት ግን ክረምት ከበጋ አያለሁ።

አብዛኛው ሞዴል ሠሪ የሚሠራው በ1 ለ 35 ነው። ይህ ልክ ከየት መጣ ቢባል፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በባትሪ የሚሄድ የጀርመን ፓንተር ታንክ ሲሠራ፣ ስፋቱን የወሰነው ባትሪውን በሚችል መጠን ነበር። በኋላ ሲለካ 1 ለ 35 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ዓለም ተከተለው። ጎረቤቴ ይህን መጠን ይንቃል። «በትንሹ ላይ መዋሸት ይቻላል» ይላል። በእሱ ታንክ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጭረት ቢሳሳት፣ በእውነተኛው ታንክ 8 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ነው፤ ያን የሚያህል ጭረት ደግሞ ታሪክ ይፈልጋል። ማን ጫረው? በምን? ወዴት ሲሄድ?

አሠራሩን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። መጀመሪያ ፕላስቲኩን በሙሉ የዝገት ቀለም ይቀባዋል። በዝገቱ ላይ የሴቶች የፀጉር ስፕሬይ ይነፋል። ሲደርቅ አረንጓዴውን የወታደር ቀለም ይደርብበታል። ከዚያ በውኃ በራሰ ብሩሽ ጠርዝ ጠርዙን ይፈቀፍቃል፤ ስፕሬዩ ሲሟሟ አረንጓዴው ይላጥና ከስር ዝገቱ ብቅ ይላል። ልክ አርባ ዓመት የተላጠ መስሎ! ጎረቤቴ አናቱ ላይ አንዲት ፀጉር የለችውም። ሱፐርማርኬት ገብቶ «ጠንክሮ የሚይዝ» የሚለውን ስፕሬይ በሁለት በሁለት ሲገዛ ገንዘብ ተቀባይዋ አናቱንም ስፕሬዩንም አይታ ዝም ትላለች። እንግሊዞች ጨዋ ሰዎች ናቸው።

ቀጥሎ በጣም የቀጠነ ጥቁር የዘይት ቀለም በየብሎኑ ዙሪያ ይለቃል፤ በቁራጭ ስፖንጅ ነጠብጣብ ይመታል፤ ከዚያ አቧራውን ከብልቃጡ እየቆነጠረ ሰንሰለቱ መሐል ይነሰንሳል። ሪሞት ኮንትሮል ከነላስቲኩ የሚያረጅበት አገር ተወልጄ፣ ሰው በገንዘቡ አዲስ ዕቃ ገዝቶ ሳምንት ሙሉ ሲያስረጅ ማየት አንጀቴን ይበላዋል። ይባስ ብሎ ሥራው ሲያልቅ ታንኩን የመስታወት ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ለምን ብትሉት፣ አቧራ እንዳይነካው።

የራሱ መኪና ጎማው ላይ የደረቀ ጭቃ ተሸክሞ ደጅ ቆሟል። እሱ ጭቃ አይቆጠርም፤ በነጻ የመጣ ነው።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ ቴልፎርድ ከተማ ትልቅ የሞዴል ትርኢት አለ። ዳኞቹ የእጅ ባትሪ ይዘው፣ ወገባቸውን ሰብረው፣ መጋጠሚያ ያልተሞላበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ተመልካቹ ግን ከዳኛ ይብሳል። ክርክር ሲያምራችሁ የጀርመን ታንክ ቢጫ ምን ዓይነት ቢጫ እንደነበረ ጠይቁ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በየካቲት 1943 ከግራጫ ወደ ጥቁረት ያለው ቢጫ ሲዞሩ፣ ቀለሙን እንደ ሊጥ ወፍሮ በጣሳ ለየጦር ክፍሉ ያከፋፍሉ ነበር። ወታደሩ ያገኘውን ቤንዚንም ውኃም እየጨመረ አቅጥኖ ቀባው። ቀቢው እንኳ ሁለቴ አንድ ዓይነት ያላወጣውን ቀለም፣ ዛሬ ሁለት ሽማግሌዎች «ልኩ ይሄ ነው» እየተባባሉ ለመኳረፍ ይበቃቸዋል።

እንዲህ እያለ ሲኖር አጎቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጡ። አጎቴ በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ የቲ-55 ሾፌር ነበሩ። ይህን ለጎረቤቴ አፌ አምልጦ ብነግረው እጄን ይዞ ለመነኝ። አስተርጓሚ ሆኜ ወሰድኳቸው። ሻይ ቀረበ፤ የመስታወቱ ሣጥን ተከፈተ። አጎቴ መነጽራቸውን አጥልቀው ዙሪያውን ረጋ ብለው አዩት።

«ይሄ ሰው ታንኩን ምን ነካው ይላል?»

«ሲያገለግል የቆየ ነው ይላል።»

«የሚሠራ ታንክ የት ቆሞ ነው እንዲህ የሚዝገው? ሰንሰለቱ መሬት ሲፍቀው እኮ እንደ ብር ያበራል። ይሄ የሞተ ታንክ ነው። እኔ የሞተ ታንክ ነድቼ አላውቅም።»

ለስለስ አድርጌ ተረጎምኩ። ጎረቤቴ ማስታወሻ ደብተር አወጣ።

አጎቴ ቀጠሉ። ጭስ ማውጫው በግራ በኩል ስለሆነ ጥላሸቱ እዚያ መብዛት አለበት። የሾፌሩ መግቢያ ጠርዝ ቀለሙ የሚለቀው በየቀኑ ቡት ስለሚረግጠውና እጅ ስለሚይዘው ነው፤ ታዲያ እዚያ ለምን አዲስ ሆነ? ጣታቸውን ሳያስነኩ ሁሉንም አሳዩት። መጨረሻ ላይ ጭቃው ላይ አፈጠጡ።

«ይሄስ የየት አገር ጭቃ ነው?»

«የሩሲያ አፈር» አለ ጎረቤቴ፣ በኩራት።

«ሩሲያ የላከችልን ታንኩን ነው፤ አፈሩን አልላከችም።»

ጎረቤቴ አልተቀየመም። እንደውም ዓይኑ በራ። የኦጋዴን አቧራ በብልቃጥ ይሸጥ እንደሆን ጠየቀኝ፤ ገና ነው አልኩት። ሌላ ምን ይጨመር አለ። አጎቴ መድፉን እያዩ፣ «ልብስ ይስቀልበታ፤ እኛ ያጠብነውን የምናሰጣው እሱ ላይ ነበር» አሉ። ሰውዬው ሊያብድ ደረሰ። ወረንጦውን አነሳ፣ ቀጭን ወረቀት በሙጫ ነክሮ ሸሚዝ ይሠራ ጀመር። ሸሚዝ ሆነ፤ ሱሪ ሆነ። ቀና ብሎ፣ ካልሲውን ምን ቀለም ላድርገው ብለህ ጠይቅልኝ አለኝ።

ጠየቅኋቸው።

«ካልሲ?» አሉ አጎቴ፣ «ካልሲ ማን ሰጥቶን!»

ጎረቤቴ ጎንበስ ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ፦ ካልሲ፣ የለም። ከሥሩ ሁለቴ አሰመረበት።